ጀርባው ላይ ያለቀ ልብ ወለድ

አሁንስ በዛ! አንድ ልብ ወለድ አለ፤ 320 ገጽ ነው። ወንድሟን የገደለው ባሏ መሆኑን ባለታሪኳ የምታውቀው ገጽ 240 ላይ ነው። የጀርባ ሽፋኑ ግን በሦስተኛው መስመር ዘክዝኮታል። ታዲያ ያ ሁሉ ገጽ ለምን ተጻፈ? ደራሲው ጥርጣሬውን ከጎረቤት ወደ ጓደኛ ሲያዞር የከረመው፣ ያን በሌሊት የታጠበ ሸሚዝ ምዕራፍ 4 ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረገው ለማን ነው? አንባቢው ሸሚዙ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲያይ “ባልየው ነዋ!” ይላል። በቃ። የወራት ልፋት ገደል ገባ።

የጀርባ ሽፋን ጽሑፍ ምን ይከብዳል? ባለታሪኩ ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ተጋረጠበት፤ እዚያ ላይ ማቆም። 100 ቢበዛ 150 ቃል ይበቃል። ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ በኋላ የሚሆን ነገር ጀርባ ላይ ምን ይሠራል? “ማንም የማይጠብቀው መጨረሻ” ብሎ መጻፍም ያው ማበላሸት ነው። አንባቢው ከገጽ 1 ጀምሮ እያንዳንዱን ሰው መጠርጠር ይጀምራል።

መግቢያውስ? ሃያሲው ምዕራፍ 1ን ገና ላልገለጠ ሰው የመጨረሻውን ምዕራፍ ይተነትናል። ትንታኔው ግሩም ነው እንበል። ታዲያ ከታሪኩ በኋላ አድርጉታ! ገጹን ማዛወር እኮ ነው።

ማውጫውም አልቀረም። “ምዕራፍ 19፦ የእናትየው ሞት”። እናትየው እኮ ምዕራፍ 2 ላይ ገና እያገገመች ነው! በቁጥር ብቻ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?