እጅማ አይረሳም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ፣ አረጋውያን መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ የማስታወስ ችሎታቸው አብሮ ይታይ የሚል ሐሳብ ተነሣ። የዕለቱ እንግዳ ሳቁ። አርባ ዓመት የነዳ ሰው ስም ቢረሳ፣ ቀን ቢረሳ፣ እጁ መንዳት አይረሳም አሉ። ሽማግሌን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሰዓት ሣል ማለትም ነውር ነው ብለው ጨመሩ። ሬዲዮኑን ዘጋሁት።

እጅማ አይረሳም። ጣጣውም እሱው ነው።

እዚህ ጎንደር፣ በሠፈራችን አንድ የሰባ ስምንት ዓመት አባት አሉ። በጉልምስናቸው ሊማሊሞን በኤንትሬ የጭነት መኪና ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ጠመዝማዛ ያየ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጧት ጧት አሮጌ ፒክአፓቸውን አስነሥተው፣ በሁለት የድንጋይ አጥር መካከል፣ ሲያዩት እንኳ በሚያስጨንቅ በር፣ ወደ ኋላ ያወጡት ነበር። ቀለም አይነካም። እኔ አልችለውም። ጎረቤትም ይህን እያየ «አሁንም ጎበዝ ናቸው» ይላል። አንድ ቀን ጤፍ ሊገዙ አራዳ ገበያ ወጡ። የተገኙት ሲመሽ፣ ከአዘዞ ወዲያ በባሕር ዳር መንገድ ዳር፣ ነዳጅ ጨርሰው፣ መብራት ሳያበሩ ነው። ያገኛቸውን ልጅ የጠየቁት ረዳታቸው ወዴት እንደ ሄደ ነበር። ረዳት ካጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

እስከዚያ ድረስ ማርሹን ማን ቀየረ? ፍሪሲዮኑን ማን ረገጠ? ያ የማይረሳው እጅ። ለዓመታት የተደጋገመ የእጅና የእግር ልማድ በአንጎል ውስጥ ከአዲስ ትዝታ ተለይቶ የሚቀመጥ ነውና የመርሳት በሽታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነካው። ቀድሞ የሚሄደው ሌላው ነው፤ ርቀት መለካት፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መከታተል፣ ድንገት ለመጣ ነገር መወሰን። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ከቀኝ ሲታጠፍ፣ የተጫነች አህያ መሐል መንገድ ስትቆም፣ ተማሪ ከተማሪ ጋር እየተሯሯጠ ሲወጣ፣ ማርሽ መቀየር የቻለ እጅ ምን ይፈይዳል? በተለይ ከፊት የሚመጣውን መኪና አሳልፎ ወደ ግራ መታጠፍ እንዲህ ያሉ አሽከርካሪዎችን የሚጥል ቦታ ነው፤ ፍጥነት መገመትን፣ መጠበቅንና መወሰንን በአንድ ትንፋሽ የሚጠይቅ ነውና። መንዳት የእጅ ሥራ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በስድስት ወር ሊማሊሞን እንወጣ ነበር!

«ድካም ሲሰማቸው ራሳቸው ይተዉታል» የሚለውም አያዋጣም። የዚህ በሽታ አንዱ ክፋት ታማሚው መታመሙን አለማወቁ ነው። እኒያ አባት በማግሥቱ ስለ አዘዞ ሲጠየቁ ከቤት አልወጣሁም ብለው ተቆጡ። አልዋሹም። መንጃ ፈቃዳቸውንም ያደሱት ባለፈው ዓመት ነው። ዐይናቸው ታየ፣ ደህና ነው ተባለ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሰው የሚገድለው ወጣቱ ነው ለሚሉኝ፣ አዎን፣ ፍጥነት የወደደ ወጣት አለ። እሱን ግን ትቀጣዋለህ፣ ይማራል። ቅጣት የሚያስተምረው የሚያስታውስን ሰው ነው።

ነውሩን በተመለከተ ደግሞ፣ ጃፓን ለአረጋውያን ክብር ብሔራዊ በዓል ያላት አገር ናት። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 75 ዓመት የሞላው ሰው መንጃ ፈቃዱን ለማደስ የማስታወስ ፈተና ይቀመጣል። ማን ተዋረደ? ሰዓት መሣልም ቢሆን እንግዳችን እንደ ቀለዱበት የሕፃን ጨዋታ አይደለም፤ ሐኪሞች በብዙ አገር የሚጠቀሙበት ምርመራ ነው፤ ክቡን፣ ቁጥሮቹን፣ ሁለቱን ዘንጎች በቦታቸው ማስቀመጥ ያቃተው ሰው መንገድም እንዲሁ ሊምታታበት ይችላል። በሽታው ገና ሲጀምር ተፈትኖ፣ በየስድስት ወሩ እየታየ ለጥቂት ጊዜ መንዳት የሚችል አለ፤ ይህን አልክድም። ሳይፈተኑ ግን ማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ጎንደር ይህን ነገር ዛሬም «ጃጁ» በሚል አንድ ቃል ዘግታ ታልፋለች። ቃሉ በሽታውን ዕድሜ ያስመስለዋል። ዕድሜ አይደለም፤ ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው የልጅ ልጆቻቸውን የልደት ቀን የሚቆጥሩ አሉ።

የእኒያ አባት ልጅ በመጨረሻ ቁልፉን ደበቀ። በየጧቱ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፣ መኪናው የት ሄደ ይላሉ፤ መካኒክ ጋር ነው ይላቸዋል። በነጋታው እንደገና። ሠፈሩ ልጁን የአባቱን ክብር የገፈፈ ባለጌ ይለዋል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰላምታ የነሱት አሉ። ፒክአፑ ከዚያች ጠባብ በር መውጣት ሲጀምር ልጆቻቸውን በክንዳቸው እየጎተቱ ወደ ግቢ ያስገቡ የነበሩትም እነሱው ነበሩ።