ጋሼ፣ ታስረው ያውቃሉ?

መጀመሪያ ስለ አልጋችን ላውራ። በ2003 አንድ ልብ ወለድ አሳትሜ ነበር፣ በራሴ ወጪ፣ ማለትም በባለቤቴ ዕቁብ። 3,000 ቅጂ። አከፋፋዩ ሲሶውን ለራሱ ቆርጦ፣ የቀረውን "ሲሸጥ እንተሳሰባለን" እያለ ከርሞ ከርሞ አራት መቶ የሚሆነውን በላዳ ጭኖ መለሰልኝ። አልጋ ስር ገባ። ከዚያ የአልጋው አንድ እግር ተሰበረ፣ ለአናጢ ከመክፈል ብለን አንድ ጥቅል መጽሐፍ ደገፍንበት፣ ያኛው ቀና ሲል ደግሞ በወዲህ በኩል ዘመመ፣ እዚህም አንድ ጥቅል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዛሬ አልጋችን በአራቱም ማዕዘን ልብ ወለድ ላይ ነው የቆመው። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ "የሱ መጽሐፍ ባይሸጥም ይሸከማል" ትላለች።

ዘንድሮ ታዲያ ምን ነካኝ፣ አንድ ቀን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገባሁና ወጣቱ ወንበር ሞልቶ ተቀምጦ አየሁ። ግማሹ ስልኩን ነው የሚያነበው፣ ቢሆንም ማንበብ ማንበብ ነው። እዚያው ቆሜ አሰብኩ፣ እነዚህ ልጆች እኮ መጽሐፌ ሲወጣ ፊደል አልቆጠሩም፣ ስለዚህ መጽሐፉ ለኔ አረጀ እንጂ ለነሱ ትናንት የወጣ ነው! ደስ ብሎኝ ማኪያቶ ጠጣሁ። ሒሳቡ ሲመጣ ነው ችግሩ የታየኝ። መጽሐፌ ጀርባው ላይ "ዋጋ 35 ብር" ይላል።

በ35 ብር ብሸጠው ሰው ምን ነካው ብሎ ነው የሚሸሸው፣ የዛሬ ሰው ርካሽ ነገር ይፈራል። በ300 ብሸጠው ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው 35 ያጋልጠኛል። ስቲከር አሠራሁ። 300 የሚል፣ ወርቃማ። አራት መቶ መጽሐፍ ላይ ቁጭ ብዬ ለጠፍኩ፣ ልጄም አገዘችኝ። ለካስ የኛ ሰው ስቲከር ካየ ሳይልጥ አይገዛም። የመጀመሪያው ገዢዬ በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ላጠና 35ቷን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ፣ ያቺን አስተያየት ቅቤ ውስጥ ሙዝ የደባለቀ ሰው ብቻ ነው የሚያውቃት። "የወረቀት ዋጋ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ። "ወረቀቱ የድሮ አይደል እንዴ?" አለኝ። ምን ይባላል፣ እውነቱን ነው።

ድጋሚ ላስመርቀው ብዬም ነበር፣ አዳራሽ፣ ዋሽንት፣ ሒስ አቅራቢ፣ ቆሎ፣ ሁሉንም አሰብኩ። አንድ ጓደኛዬ "ልጅ ሁለቴ ክርስትና ይነሳል እንዴ?" ብሎ ዘጋኝ። በቃ ተውኩት።

ልጄ ግን "አባዬ ቲክቶክ" አለች። አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ሠራች፣ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ከጀርባ ክራር፣ ከስር ደግሞ ከመጽሐፉ የተወሰደ አንድ አሳዛኝ መስመር (ሳስበው ያን መስመር ስጽፍ የጥርስ ሕመም ነበረብኝ)። ቪዲዮው ታየ! ኮሜንት ጎረፈ! ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ማንበብ ጀመርን፣ "ፒዲኤፍ አለው?"፣ "ፒዲኤፉን በውስጥ ላኩልኝ"፣ "ፒዲኤፍ ያላችሁ"፣ አንዱ ደግሞ "ክራሩን የሚጫወተው ማነው"። ተናድጄ የቅጂ መብት አዋጁን አውጥቼ አነበብኩ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑ እና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል ይላል። ከሞትኩ በኋላ ያለው 50 ዓመት ጥሩ ነው፣ አልከፋኝም። የጨነቀኝ እስከዚያ ያለው ነው።

በመጨረሻ አምስት ፍሬ በፌስታል ይዤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ አንድ ልጅ ጋ ሄድኩ። ተቀብሎኝ አገላበጠ፣ አሸተተው (እውነቴን ነው፣ አሸተተው)፣ ከዚያ እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር።

"ጋሼ፣ ታስረው ያውቃሉ?"

"እኔ? ኧረ በፍጹም።"

"መጽሐፉ ታግዶ ነበር?"

"ማን ያግደዋል?"

"ውጭ ሀገር ነው የሚኖሩት?"

"ካዛንቺስ ነበርኩ፣ አሁን..."

ራሱን ነቀነቀ። "ያስቸግራል" አለኝ። "ኦሮማይን ይዩ፣ በ1975 ወጣ፣ ወዲያው ተሰበሰበ፣ ሰው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል።" ልጁ ይሄን የሚለው እንደ ሽያጭ ዘዴ ነው፣ ደራሲው በዓሉ ግርማ እኮ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ የቀረ ሰው ነው፣ ልቆጣው አልኩና ተውኩት፣ ምክንያቱም ገበያውን እሱ ነው የሚያውቀው። እኔም የማውቀውን ልናገር ብዬ ፍቅር እስከ መቃብርን አነሳሁ፣ በ1958 የታተመ መጽሐፍ ማንበብ የማይችለው ሰው ቤት ሳይቀር የገባው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስላነበበው ነው አልኩት። "እሺ ለርስዎ ማን ያንብብልዎት?" አለኝ። እሷም ሞከርኳት እኮ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልኬ ቀዳሁ፣ ጀግናው ፍቅሩን የሚገልጥበት ቦታ ላይ "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ገብቶበታል።

ልሄድ ስል "ታሪኩ የት ሰፈር ነው ግን?" አለኝ።

"ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ።"

ልጁ ብድግ አለ። "ዶሮ ማነቂያ?! ጋሼ፣ ፈርሷል እኮ!"

"አውቃለሁ፣ በ2016..."

"ታዲያ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት? እርስዎ ባይጠፉም ሰፈሩ ጠፍቷል!"

ያኔውኑ ስቲከሬን ላጠው፣ 35ቷ እንድትታይ። "ይቺ ናት የምትሸጠው" አለ፣ "የድሮ መሆኑን ያሳያል።" ላስቲክ አለበሰው፣ ከመደርደሪያው አወረደና ከጀርባው ደበቀው፣ ከዚያ ለሚያልፈው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የፈረሰችው ዶሮ ማነቂያ፣ ከገበያ የጠፋ" ይላል። 700 ብር። እውነት ለመናገር በመጽሐፌ ዶሮ ማነቂያ ያለችው ሁለት ገጽ ብቻ ነው፣ ጀግናው ገብቶ ጥብስ በልቶ ይወጣል። ይሄን ነገርኩት። "እሱን ለራስዎ ይያዙት" አለኝ። ሁለት ነገርም አስጠነቀቀኝ፣ ከአምስት በላይ በአንድ ጊዜ እንዳላመጣ እና እዚህ አካባቢ እንዳልታይ። "የጠፋ መጽሐፍ ደራሲ እዚህ ፊት ለፊት ቆሞ ሻይ ሲጠጣ ይነቃብናል።" አሁን በዚያ ሳልፍ መንገድ ተሻግሬ ነው።

አምስቱ በሦስት ቀን አለቁ። ሌላ አምስት። ከዚያ መጽሐፉ ላይ ያለችው የድሮ ስልኬ መደወል ጀመረች። አንዲት እናት ከገላን ጉራ ደወሉ፣ ከፒያሳ ተነስተው እዚያ ከገቡት ናቸው፣ ልጃቸው ገዝቶላቸው ነው።

"የኔ ልጅ፣ ጥብስ የበላው ልጅ የገባበት ቤት፣ በሩ አረንጓዴ ነው?"

የበሩን ቀለም አልጻፍኩም። "አዎ እማማ" አልኳቸው።

"አውቄዋለሁ! ከኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነው። የኛንስ ለምን አላስገባኸውም?"

"ለሁለተኛው እትም አስገባዋለሁ" አልኩ። ስማቸውን፣ የበራቸውን ቀለም፣ በሩ ላይ የነበረችውን የቡና ረከቦት ሳይቀር ነገሩኝ፣ ጻፍኩት። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጥብሱን ከሁለት ገጽ በላይ ማስረዘም ነበረብኝ።

ትናንት ማታ ተኝተን ሳለ ልጁ ደወለ። "ጋሼ፣ አምስት ይምጣ፣ ጠዋት ደንበኛ አለኝ።" ከጥቅል ውጭ ያሉት አልቀዋል። ተነሳሁ፣ ባትሪ ይዤ ተንበረከክሁ፣ ከግርጌ ይሁን ከራስጌ እያልኩ ሳመነታ ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

"ከአንተ በኩል ሳብ" አለችኝ።