የኔ ዘፈን ሲጀምር ነው ቢራ የሚያምራችሁ?

ኧረ በናታችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሰው ለአንድ የኮንሰርት ትኬት ያን ሁሉ ዶላር ከፍሎ፣ በላዩ ላይ "የአገልግሎት" ምናምን ተብሎ ሌላ ተቆርጦበት፣ በዚያ ትራፊክ ነድቶ፣ ለፓርኪንግም ከፍሎ ከገባ በኋላ፣ ሙዚቃው መሀል ተነስቶ ለቢራ የሚሰለፈው ለምንድን ነው? ቢራውማ ሰፈሩም አለ። ያውም በሩብ ዋጋ!

መሄዱስ ባልከፋ። አንጀቴን የሚያሳርረው ሁልጊዜ እኔ የመጣሁበት ዘፈን ላይ መሄዱ ነው።

እኔ የድሮ ሮከኞች ነገር አይሆንልኝም። እዚህ ዲሲ ያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። "ይሄ ሁሉ ብር እነዚህን ሽማግሌዎች ለማየት ነው?" ይሉኛል። አዎ፣ እነዚህን ሽማግሌዎች ለማየት ነው። የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ ዘፋኝ ሚክ ጃገርና ጊታሪስቱ ኪዝ ሪቻርድስ ሁለቱም የ1943 ልጆች ናቸው። የቢትልስ ባንዱ ፖል ማካርትኒ 1942፣ ዘፋኙ ቦብ ዲለን 1941። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የሮሊንግ ስቶንስን የ2024 የኮንሰርት ጉዞ ስፖንሰር ያደረገው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኤኤአርፒ! ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ አሜሪካውያን የቆመው ማኅበር። ቀልዴን አይደለም። ታዲያ እነዚህ "ለሚቀጥለው ዓመት አያቸዋለሁ" የሚባሉ ሰዎች ናቸው? የስቶንስ ድራመር ቻርሊ ዋትስ በኦገስት 2021 አረፈ። እሱን ሳያዩ የቀሩ ቀሩ።

ስቶንስን ላይቭ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። መሀል ላይ ሲደርሱ ጃገር የባንዱን አባላት አንድ በአንድ ያስተዋውቅና ትንፋሽ ሊሰበስብ ወደ ጓዳ ይገባል። ማይኩን ኪዝ ይረከባል። ብዙ ጊዜ ሁለት ዘፈን ይዘፍናል። ይህች ሰዓት በታዳሚው ዘንድ የሽንት ቤት ሰዓት ሆና ቀርታለች። በቃ፣ ሕዝቡ እንደ ተፈታ ትምህርት ቤት ግልብጥ ብሎ ይወጣል።

እኔ ደግሞ የምሄደው ለዚያች ሰዓት ነው።

ጃገር ድንቅ ነው፣ እንከን አላወጣለትም። በዚያ ዕድሜው መድረኩን ከጫፍ ጫፍ ሲሮጥ ሳይ እኔ ነኝ የሚደክመኝ። ግን የኪዝ ድምፅ ሌላ ነገር ነው። የሻከረ ነው፣ አንዳንዴ ቃናውን ይስታል፣ ያ ሁሉ ሲጋራ ጉሮሮው ውስጥ ይሰማችኋል። ደግሞም አይደብቀውም። "ዩ ጎት ዘ ሲልቨር" በ1969 በወጣው አልበም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻውን የዘፈናት የመጀመሪያዋ የስቶንስ ዘፈን ናት። ላይቭ ሲጫወታት ጊታሩን ሁሉ አስቀምጦ፣ ሌላው የባንዱ ጊታሪስት ሮኒ ዉድ ብቻ በስላይድ (ክሩን በቱቦ እያንሸራተቱ በሚጫወቱት ጊታር) ያጀበው ጊዜ አለ። እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት እንደ ሰርግ ቤት አጎት ቆሞ ሲዘፍን፣ እኔ እዚያ ላይ ነው የምሸነፍ።

"ስሊፒንግ አዌይ" ደግሞ አለች፣ የ1989። እሷን ላይቭ ስሰማ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ? የአንድ ሰውዬ ጀርባ። የመጀመሪያዋ ኮርድ እንደተመታች ረድፋችን በሙሉ ተነሳ። "ይቅርታ"፣ "ይቅርታ"፣ "ይቅርታ"። ተነስቼ አሳለፍኩ። ተቀመጥኩ። ሌላ መጣ፣ እንደገና ተነሳሁ። የመጨረሻው ግዙፍ ሰውዬ እፊቴ ቆሞ ስልኩን ኪሱ ውስጥ መፈለግ ጀመረ። የለበሰው ቲሸርት ያ ምላሱን ያወጣው የስቶንስ አርማ ያለበት ነው። ጀርባው ላይ ባንዱ የዞረባቸው ከተሞች በዝርዝር ተጽፈዋል። እንግዲህ ኪዝ ይዘፍናል፣ እኔ ሂዩስተን፣ ዴንቨር፣ ሲያትል እያልኩ አነባለሁ። ሰዎቹ ሲመለሱ ዘፈኑ አልቋል። ቢራውም ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ግን ቲሸርቱን የለበሰው እሱ ነው፣ አድናቂው እሱ!

ሽንት የያዘውን ሰው አልናገርም። የታዳሚውም ዕድሜ ከዘፋኞቹ ብዙ አይተናነስም፣ ፊኛ እንደ ድሮው አይደለም። የምናገረው ለቢራው ነው። ለናቾው ነው።

የማካርትኒው ግን ከሁሉም ባሰ። ጁን 2022፣ ባልቲሞር፣ የቤዝቦል ስታዲየሙ ውስጥ። ሰውየው 80 ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ቀርቶታል። ብቻውን አኩስቲክ ጊታሩን ይዞ የቆመባት የመድረኩ ክፍል ወደ ላይ ከፍ አለች። "ሂር ቱዴይ"ን ጀመረ። ይህችን ዘፈን ያወጣት በ1982 ነው፣ ለቢትልስ ጓደኛው ለጆን ሌነን። ሌነን ከተገደለ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሕይወት እያለ ያልነገረውን የሚነግርባት ዘፈን ናት። ይኸው ከ40 ዓመት በኋላም፣ በአሥር ሺዎች ፊት፣ ለዚያው ጓደኛው ይዘፍንለታል።

ከኋላዬ የተቀመጡት ባልና ሚስት ደግሞ ስለ ቤት ወለድ ያወራሉ። ወለዱ መጨመሩን፣ ባለፈው ዓመት ገዝተው ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ያተርፉ እንደነበር፣ ወንድሟ እንዴት እንደቀደማቸው። ዞር ብዬ አየኋቸው። ሰውየው ፈገግ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ። ሰላም ያልኩት መስሎታል።

ማካርትኒ ራሱ ይሄን ነገር በደንብ ያውቃል። መድረክ ላይ ደጋግሞ የሚቀልዳት ቀልድ አለች። የቢትልስ ዘፈን ስንጫወት ስልኮቻችሁ ሁሉ በርተው ቦታው ጋላክሲ ይመስላል፣ አዲስ ዘፈን ስንጫወት ግን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል ይላል። ሰው ይስቃል። እኔን አያስቀኝም። ያን ያህል ዘመን የዘፈነ ሰው አዲስ ነገር ባቀረበ ቁጥር ጨለማ እያየ ነው ማለት እኮ ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። በ1971 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ የድሮ ሮከኞች በተጠሩበት ምሽት፣ ዘፋኙ ሪክ ኔልሰን ጸጉሩን አሳድጎ አዳዲስ ነገር ይዞ ወጣ። ሕዝቡ "ቡ" አለ። እሱም ለኔ ነው ብሎ ወርዶ ሄደ። ያቺን ምሽት ዘፈን አደረጋት፣ "ጋርደን ፓርቲ" ብሎ በ1972 አወጣት፣ አሜሪካ ውስጥ ከአሥሩ ምርጦች ገባች። ከዚያ በኋላ ሰው እሷን ዝፈንልን ማለት ጀመረ። ጉድ እኮ ነው!

ከፒንክ ፍሎይድ ባንድ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሮጀር ዋተርስ ግን ጎበዝ ነው። በ2022ቱ ኮንሰርቶቹ ገና ሳይጀምር፣ ፒንክ ፍሎይድን እወዳለሁ የሮጀርን ፖለቲካ ግን አልችለውም የምትሉ ካላችሁ አሁኑኑ ወደ መጠጥ ቤቱ ጥፉ የሚል ማስታወቂያ አስነገረ። አነጋገሩ ከዚህም የባሰ ነበር፣ እኔ አለዝቤው ነው። በፖለቲካው እንስማማ አንስማማ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ቢራ ጠጪውን ከመጀመሪያው መሸኘት! ሁሉም እንዲህ ቢያደርጉ ምናለ?

ዲለን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ስልኩን በር ላይ ከረጢት ውስጥ አስቆለፈው፣ ከዚያ የ2020 አልበሙን አብዛኛውን ክፍል እያከታተለ ተጫወተ። ዘመኑን ሁሉ የሚያውቁለትን ዘፈን የጠበቁ ሰዎች አኩርፈው ወጡ። "ምኑን ነው የሚያጉረመርመው?" አለኝ አንዱ ሲያልፍ። ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያጉረመርም ነው የኖረው! "ኪይ ዌስት" ዘጠኝ ደቂቃ ያልፋል፣ እሱ ፒያኖው ኋላ ሆኖ ቀስ እያለ ይተርክላችኋል። መዝጊያው "ኤቭሪ ግሬን ኦፍ ሳንድ" ናት። ይኸኔ ሌላው መንጋ ይነሳል፣ ትራፊኩን እንቅደም ባዩ። (የኛ አገር ሰው ኮንሰርት ላይ ደግሞ በሽታው ሌላ ነው። መድረክ ላይ የወጣ አይወርድም። እሱን ሌላ ቀን አመጣዋለሁ።)

ትራፊክ ቀዳሚዎቹ ባልቲሞርም ነበሩ። ማካርትኒ በ"ዚ ኤንድ" ነው የሚዘጋው፣ በአቢ ሮድ አልበም ማለቂያ ላይ ባለችው። ያኔ በ1969 የቢትልሶቹ ፖል፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ጆን ጊታር እየተቀባበሉ ነው የተቀረጹት። አሁን ያንን ቅብብል ከባንዱ ሁለት ጊታሪስቶች ጋር ያደርገዋል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይነጥቃል፣ ሦስቱ ፊት ለፊት ቆመው። ከፊቴ ያሉት ሦስት ረድፎች ግን ባዶ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጠው ጥሩምባ እየነፉ ነው። እኔ እስክወጣ ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

እሺ፣ የግድ መውጣት ካለባችሁ አንድ ሰዓት ልጠቁማችሁ። "ሄይ ጁድ" ላይ ውጡ። መጨረሻው አራት ደቂቃ ገደማ ና ና ና ነው፣ ወረፋው ላይም ሆናችሁ ይሰማችኋል። የናንተን ድርሻ እኔ እጮህላችኋለሁ።