መርከቡን ተዉትና ውሃውን ጠይቁ

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። የመጀመሪያውን ረጅም ዕረፍቷን በወንዝ ላይ በመርከብ ማሳለፍ አማራት። ባሕር አትፈልግም። «ዳሩ የማይታይ ውሃ ያስጨንቀኛል» ትላለች። እኔ ፍራንክፈርት ስለምኖር፣ የወንዝ ክሩዝም ሁለት ጊዜ ስለሞከርኩ፣ የብሮሸር ፎቶ በዋትስአፕ ታዘንብብኝ ጀመር። ራይን፣ ዳኑብ፣ ሜኮንግ፣ ናይል። ወንዙ ይለያያል እንጂ ጥያቄዋ አንድ ነው። «ይሄኛው በረንዳ አለው። የዚያኛው ምግብ ግን ይሻላል መሰለኝ። የቱን ልያዝ?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ በየትኛው ወር እንደምትሄጂ ንገሪኝ» አልኳት።

«ወሩ ምን ያደርግልሃል? ቅናሹ እኮ እስከ አርብ ብቻ ነው!»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጮቹ የሚሸጡት መርከቡን ነው። አልጋውን፣ ወይኑን፣ በረንዳውን። የወንዝ መርከብ ግን ወንዙ ሲፈቅድለት ብቻ የሚንቀሳቀስ ሆቴል ነው። ካልፈቀደለት ቆሞ የሚያድር ሆቴል ይሆናል። ስለዚህ ካቢን ከመምረጥ በፊት ወንዝና ወር መምረጥ ይቀድማል ባይ ነኝ። ይህን የተማርኩት ደግሞ ከፍዬበት ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ከባዝል እስከ አምስተርዳም በራይን ለመውረድ ተሳፈርኩ። ሰው ሁሉ ለዚህ ጉዞ የሚከፍለው ለአንድ ቁራጭ ነው ማለት ይቻላል። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸለቆ ነው፤ በግራም በቀኝም ግንብ የተደረደረበት፣ ዩኔስኮ በ2002 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው። 132 ሜትር ከፍታ ያለው የሎረላይ ቋጥኝም እዚያው ነው። እኛ ማይንዝ ስንደርስ መርከቡ ቆመ። ጠዋት ሻንጣችንን ኮሪደር ላይ እንድናወጣ ተነገረን። ከዚያ አውቶቡስ። ኮሎኝ ላይ ቀለሙ እንኳ የማይለይ ሌላ መርከብ ቆሞ ጠበቀን። አውራ ጎዳናው ከወንዙ ርቆ ስለሚያልፍ ከግንቦቹ አንዱንም አላየሁም። ያየሁት የነዳጅ ማደያና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው።

ምክንያቱ ካውብ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። የመካከለኛው ራይን ጠባብ ጉሮሮ እሷ ስለሆነች መርከበኛው ሁሉ የሚያየው የካውብን የውሃ መለኪያ ነው። በዚያ ወር መለኪያው እስከ 25 ሴንቲሜትር ወረደ። ይህ የወንዙ ጥልቀት አይደለም፤ መርከብ የሚሄድበት መሥመር ከዚያ በላይ አንድ ሜትር ያህል ይጠልቃል። ቢሆንም ብዙ ሰው ለጫነ መርከብ አይበቃም። በኦገስት 2022ም እንዲሁ ወደ 30 ሴንቲሜትር ግድም ወርዶ ነበር። ቤት ስመለስ ለድርጅቱ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍኩ። የውሉን ገጽ ቁጥር ጠቅሰው መለሱልኝ። ደቂቅ ፊደል፤ «የጉዞውን መንገድ የመቀየር መብታችን የተጠበቀ ነው»። ከዚያ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚሆን ቅናሽ ሰጡኝ። አልተጠቀምኩበትም።

ራይንን የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የአልፕስ በረዶ ቀልጦ በሚወርድበት በግንቦትና በሰኔ ይሂድ። መስከረምና ጥቅምት ርካሽ የሚሆነው ያለ ነገር አይደለም።

የዳኑብ ችግር ሁለት ዓይነት ነው። የአውሮፓ በጋ ሲያልቅ በጀርመኗ ባየርን ውስጥ ከሽትራውቢንግ እስከ ፊልስሆፈን ያለው ክፍል ይጎድላል። በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ደግሞ ይሞላል። ሲሞላ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ድልድዩ አለ! ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር መርከቡ ወደ ድልድዩ ሆድ ይጠጋል። የላይኛው ደርብ ላይ ያለው ወንበርና ጥላ ይታጠፋል፣ የካፒቴኑ ክፍል ራሱ ወደ ታች ይገባል። እሱም ካልበቃ ይቆማል። እዚያው ዳኑብ ዳር ያለችው ፓሳው ከተማ የምትሄዱ ከሆነ የማዘጋጃ ቤቱን ግድግዳ ቀና ብላችሁ እዩ። የየዘመኑ ጎርፍ የደረሰበት ቦታ ከነዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። የ2013ቱ 12.89 ሜትር ደርሶ ነበር፤ ከ1501 ወዲህ እንደዚያ ያለ አልታየም።

በረንዳ ለሚያምራቸውም አንድ ነገር ልበል። አውሮፓ ውስጥ ትልልቆቹ የወንዝ መርከቦች 135 ሜትር ርዝመትና 11.4 ሜትር ወርድ አላቸው። መርከቡን እንደ አሳንሰር ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውሃ ክፍሎች ብዙ ቦታ ላይ 12 ሜትር ብቻ ናቸው። በየጎኑ አንድ ማስመሪያ ያህል ይተርፋል ማለት ነው። እጃችሁን ብትዘረጉ እርጥብ ኮንክሪት ትነካላችሁ። ወደብ ላይ ደግሞ መርከቦች ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ ከበረንዳችሁ የሚታየው የጎረቤት መጋረጃ ሊሆን ይችላል። «የፈረንሳይ በረንዳ» የሚሉት ነገርማ በረንዳም አይደለም። የመስታወት በር ነው፣ ፊቱ ላይ ብረት አለ፣ እግር ማውጫ የለውም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ዳኑብን እስከ ጥቁር ባሕር ሊወርድ ካሰበ ደግሞ ቪዛውን ይይ። የሰርቢያዋ ቤልግሬድ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ አይደለችም። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ የሸንገን ቪዛ ሰርቢያ ላይ ያበቃለታል፤ ቀጥለው ያሉት ቡልጋሪያና ሮማንያ ደግሞ ሸንገን ናቸው። ጿሚም «ቬጀቴሪያን» የሚለውን ቃል አይመን፤ አይብና እንቁላል ይዞ ይመጣል። ቀብድ ከመክፈል በፊት ወተትም ቅቤም የለበትም ብሎ ማስጻፍ ነው።

ሜኮንግን ገና አላየሁትም፣ ግን በጣም እፈልገዋለሁ። ካምቦዲያ ውስጥ ቶንሌ ሳፕ የሚባለው ወንዝ በዓመት አንዴ አቅጣጫውን ይቀይራል። በዝናብ ወራት ሜኮንግ ሞልቶ ውሃውን ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ ይገፋዋል፤ ዝናቡ ሲያቆም ተመልሶ ይወርዳል። ሐይቁ ሲጎድል ግን አጠገቡ ካለችው ከሲየም ሪፕ ከተማ እስከ መርከቡ በአውቶቡስ ትሄዳላችሁ። እንደገና አውቶቡስ።

ናይል ላይ ግን ልቆይ።

አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እኔ አባይን ልጅ ሆኜ ጢስ አባይ ላይ በነሐሴ አይቼዋለሁ። ጭቃ ነበር፣ ቀይ፣ እያጓራ። ከሁለት ዓመት በፊት በጥር ከሉክሰር ወደ አስዋን ስወጣ ይህንኑ ውሃ ስፈልግ ነበር። መርከቡ ጫፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባይ አረንጓዴ፣ ጥርት ያለ፣ ዝም ያለ ወንዝ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ቅር ብሎኝ ነበር።

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንል የለ? ተረቱ አርጅቷል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ አባይ ናስር ሐይቅ ላይ ያድራል፤ ደለሉንም ግንዱንም እዚያው ያራግፋል። ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ደግሞ ግድባችን ተመርቋልና ጉባ ላይም ያርፋል። ለመርከብ ተሳፋሪ የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። ከአስዋን በታች የሚወርደው ውሃ በግድብ የተመጠነ ነው። ስለዚህ በሉክሰርና በአስዋን መካከል ወር የምትመርጡት ለውሃው ሳይሆን ለፀሐዩ ነው። በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ደስ ይላል።

«የናይል ክሩዝ» ሲባል ግን ወንዙን ሙሉ የሚያስጎበኝ አይምሰላችሁ። ከ6,600 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሆነው ወንዝ መርከቦቹ በብዛት የሚሄዱት ከሉክሰር እስከ አስዋን ያለውን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ወይም አራት ሌሊት ይፈጃል። ብሮሸሩ ሽፋን ላይ ያሉት አራቱ የአቡ ሲምበል ሐውልቶችም በዚያ መንገድ ላይ የሉም። ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ ላይ፣ ሊነጋ ሲል ተነስቶ፣ በመኪና። ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም ብላችሁ ጠይቁ።

መንገድ ላይ ኤስና የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የውሃ ክፍል ጋ መርከባችን ተራ ሲጠብቅ ነጋዴዎች በትንንሽ ጀልባ ከበቡን። አንዱ ጀለቢያ በላስቲክ ጠቅልሎ እስከ አራተኛው ደርብ ወረወረው። አጠገቤ የነበረችው አሮጊት ፊት ላይ አረፈ። ዋጋ በጩኸት ነው የሚነጋገሩት። ከተስማማችሁ ብሩን እዚያው ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ትወረውራላችሁ፤ ካልተስማማችሁ ልብሱን። ሰውዬው አንዱንም ውሃ ሳይነካው ቀለበ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እዚህ አይከብደውም።

አስዋን ላይ ግን ኤሌፋንታይን ደሴት የሚገኘው ደረጃ ነው የያዘኝ። ወደ ወንዙ የሚወርድ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ግድግዳው ላይ በክንድ የተለካ ምልክት ተቀርጿል። የወንዙ ሙላት እዚህ ይለካ ነበር፤ ግብርም የሚተመነው በእሱ ነው። ብዙ ከሞላ አዝመራ ይበዛል፣ ግብር ይከብዳል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሚወርድ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ የተለካው የእኛ ክረምት ነበር ማለት ነው። ጣቴን ምልክቱ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። አስጎብኚው ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳቅ አለና «ታዲያ ውሃህን ተከትለህ ነዋ የመጣኸው» አለኝ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። አርብ አለፈ፣ ቅናሹም አለፈ። ማክሰኞ ደወለች። ናይልን ይዛለች፤ የገና ጾም እንዳይነካካት ብላ ከጥምቀት በኋላ። በረንዳ ይኑረው አይኑረው ጠየቅኳት።

«እሱንማ አላየሁትም» አለች። «ደረጃው ያለበት ደሴት ይሄዳሉ ወይ ብዬ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው።»