ለድንኳኑ እንከፍላለን፣ ለኑዛዜው እናማትባለን

ባለፈው እሁድ እዚሁ አዳማ፣ የዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «ጠበቃ ጠርተን ስለ ኑዛዜ ለአንድ ሰዓት ያስረዳን» አለ። ሊቀመንበራችን አላስጨረሱትም። «ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ነው። ደግሞስ አባት በቃሉ ከተናገረ መች አነሰ?» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ሐሳቡ ወደቀ። ቀጣዩ አጀንዳ የድንኳን ግዢ ነበር።

ቆይ፣ በየወሩ መዋጮ የምንከፍለው ለምንድን ነው? ለሽርሽር? ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም የተገዛው ለሞታችን ነው። ይሄ ሁሉ ሞት ካልጠራ አንዲት ወረቀት ልትጠራ ነው?

«በቃሉ ከተናገረ» የሚሉት ግን ቤት የሚያፈርስ ነገር ነው። የቃል ኑዛዜ በሕጋችን አለ። ግን ሞቱ መቅረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ስለ ቀብሩና ስለ ልጆቹ ሞግዚት መናዘዝ ይችላል። ስጦታ ከሆነ እያንዳንዱ ከ500 ብር አይበልጥም። አምስት መቶ ብር! ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ደህና ገንዘብ ነበር። ዛሬ የለቀስተኛውን ንፍሮ እንኳ አይችልም። እሳቸው ግን ቤት ያወርሱበታል።

በጽሑፍስ ቢሆን ዝም ብሎ ይጸናል? ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አባት ቤታቸውን የሠሩት ሁለተኛ ሚስታቸውን ከማግባታቸው በፊት ነው። ሚስት ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ከጋራው ንብረት ግማሹን ትወስዳለች፤ የግሉ ግን ለልጆቹ ነው። እሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ቤቱን ለእሷ ተናዘዙ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ከደብተር የተገነጠለ፣ በወንድማቸው ልጅ እጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ከሥሩ የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ ያለበት። ሕጉ የሚለው አራት ነው። ሁለት የሚበቃው አንደኛው ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ነው። በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡም ከነቀኑ እዚያው ላይ መጻፍ አለበት። ወረቀቱ ፈረሰ። የሚያናድደው፣ ሰውዬው ማንበብና መጻፍ ይችሉ ነበር! ሙሉውን በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጸው፣ በየገጹ ቀን አድርገው ቢፈርሙ ምስክር የሚባል አያስፈልጋቸውም ነበር። (እሱም ፍርድ ቤት ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካልተቀመጠ በ7 ዓመቱ ይሞታል።) ሴትዮዋ ዛሬ ኪራይ ቤት ናቸው። ሦስቱ ፈራሚዎች የዕድራችን አባላት ናቸው፤ እሁድ ዕለት ሲያጨበጭቡ አይቻቸዋለሁ።

ሽማግሌ ብዙ ጠብ አብርዷል፣ አልክድም። የጎደለ ፊርማ ግን አይሞላም።

በሚቀጥለው ስብሰባ እኔ ራሴ እጄን አወጣለሁ። ኑዛዜዬንም ጽፌ እመጣለሁ፣ እዚያው ይነበባል። አራት ፊርማ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያውን ሊቀመንበራችን ቢያኖሩልኝ ደስ ይለኛል።