አቅምሱት እንጂ!

የሰው ሕፃን ሲያዩ ሳያቀምሱ እጃቸው ለማያርፍ የአራስ ቤት ጠያቂዎቻችን ምስጋና ይድረስ። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የአገሬ ሕፃን ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ እየጠባ በሰላም ይኖር ነበር።

የአራት ወር ሕፃን ሰው ሲጎርስ ትኩር ብሎ ካየ፣ አለቀ። «አምሮታል!» ይባላል። መብራቱንም፣ መጋረጃውንም፣ የአጎቱን ጺምም እንደዚያው ነው የሚያየው። መጋረጃ ያቀመሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ይበቃዋል፣ ውሃም አይስጡት ይላል። ጄኔቫ ተቀምጦ ምን ያውቃል? የእኛዋ እትዬ ጣታቸውን ሽሮ ወጥ ነክረው ምላሱ ላይ ያደርጉለታል። በርበሬው ሲያቃጥለው ፊቱን ያጨማድዳል። «አየሽ፣ ወደደው!»

እናትየዋማ ታሳዝናለች። ስድስት ወር ጠብቃ፣ ልጁ ደገፍ ሲያደርጉት መቀመጥና አንገቱን ማቆም ሲችል ዱባ ትቀቅላለች። ልጣጩንና ፍሬውን አውጥታ፣ ጨው ሳትነካው፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ታበስለዋለች። በጡቷ ወተት አላልታ በማንኪያ ጫፍ ታቀምሰዋለች። ከዚያ ሌላ አዲስ ምግብ ሳትጨምር ሁለት ሦስት ቀን ትጠብቃለች፤ ሽፍታ ወይም ተቅማጥ ቢመጣ መነሻውን ለማወቅ። እንዴት ያለች ድርቅ ሴት ናት!

ጠያቂዎቻችን በአንድ ከሰዓት ዱባውንም፣ እንቁላሉንም፣ ኬኩንም ያዳርሱታል። ሽፍታ ቢወጣ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ የሚወቀስ ሰው የለም። ብልሃት ማለት ይሄ ነው። ጥርስ ላላወጣ ልጅ ጥሬ ካሮት የሚያስጨብጡም አሉ። ሲያንቀው ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ «እደግ! እደግ!» ይላሉ።

ማርም አለ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሞች ይከለክላሉ። «የእኛ ንጹሕ ነው፣ ከገጠር ነው የመጣው» ይባላሉ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

አፉን ቢገጥምስ? መጋት ለመቼ ነው! አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ በመዳፍ ማፍሰስ። ፊቱን ቢያዞር ጠግቤያለሁ ማለቱ ነው የሚሉት እነዚያው ሐኪሞች ናቸው። «እኛስ እንዲህ አይደል ያደግነው?» ያላደጉት መጥተው አይከራከሩ።

ሌሊት ሆዱ ተበጥብጦ ሲያለቅስ ጠያቂው ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። ጠዋት ግን ሳይደውል አይቀርም፦

«ዓይን ነው! ለሰው አታሳዪው ብዬሽ አልነበር?»