ፈርመው ለሚጠፉ ወገኖቻችን

አዳማ ነፋስ መያዝ ታውቅበታለች። ኮረብታው ላይ የተተከሉት ረጃጅም ማማዎች ምስክር ናቸው። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተገነቡ ናቸው። ሲደመር 204 ሜጋ ዋት። ነፋስን የሚያህል መጨበጫ የሌለው ነገር ይዛ ሥራ ያስገባች ከተማ ታዲያ አንድ ነገር አቅቷታል። ሠልጣኝን ከሻይ ዕረፍት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ማቆየት አልቻለችም።

ወቀሳ እንዳይመስላችሁ። ለምስጋና ነው የተነሣሁት። ከተማችንን ካቀኑት ሰዎች መካከል እስካሁን ሐውልት ያልቆመላቸው እነዚህ ፈርመው የሚጠፉ ወገኖቻችን ናቸው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ማሠልጠን ሲያምረው አዳማ ይዟቸው ይመጣል። የራሱ አዳራሽ አለው። ወንበር አለው፣ ፕሮጀክተር አለው፣ ሻይ የምታፈላ ሰው አለችው። «ለምን እዚያው አታደርጉትም?» ብላችሁ ብትጠይቁ አዘጋጁ በሐዘኔታ ያያችኋል። «አዲስ አበባ ከሆነማ ሰው ይጠፋብናል! አንዱ ቢሮ ብቅ ብዬ ልምጣ ይላል። ሌላዋ ልጄን ከትምህርት ቤት ላውጣ ትላለች። አዳማ ሲሆን ሰው ይሰበሰባል።» ልብ በሉ። ሰው እንዳይጠፋ ነው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አልጋ ተይዞለት፣ አበል ታስቦለት የሚመጣው። እንዲህ ዓይነቱን አርቆ አሳቢነት ማድነቅ ያቃተው ሰው ምቀኛ ነው።

አመራረጡም ጥበብ አለበት። ደብዳቤው «የሚመለከተው ባለሙያ ይላክ» ይላል። የሚመለከተው ባለሙያ ሥራ ስለሚበዛበት የማይመለከተው ይላካል። የማይመለከተውም ደስ ብሎት ይመጣል። ቢሮ የቀረው ባለጉዳይ «ፊልድ ወጥተዋል» ይባላል። ፊልዱ የት እንደሆነ አይነገረውም፤ ቢነገረውም አይከፋውም ነበር፣ መቼም አገር መልማት አለበት።

መንገዱ ራሱ ለዚሁ የተሠራ ነው የሚመስለው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የአገራችን የመጀመሪያው ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሦስት መስመር መሄጃ፣ ሦስት መስመር መምጫ። ከጅቡቲ ወደብ ጋር የሚመላለሰው ጭነት እንዳይጓተት ታስቦ ነው ይባላል። ይባል። እሑድ ማታ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ እኛ የሚገሰግሰውን የመሥሪያ ቤት መኪና ያየ ሰው ግን ሌላም ጥቅም እንዳለው ይገባዋል። ጠረጴዛ ላይ የተቆለለ ፋይል የቱንም ያህል ቢፈጥን የክፍያ ኬላውን አልፎ አይደርስባቸውም።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ የስም ዝርዝር ይዘረጋል። ሁሉም ይፈርማል። አንዳንዱ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም ባንዴ ይፈርማል። ጠንቃቃው ደግሞ የረቡዕን ጭምር። ለጓደኛው የሚፈርምም አለ፤ ወዳጅነት እንዲህ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ፊርማቸውን ይዞ በር ላይ ቀረ። ሞኙ ወደ ውስጥ የገባው ነው።

የመውጫው ዓይነት ብዙ ነው። ጀማሪው ስልክ ይጠቀማል። ማንም ያልደወለለትን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ሃሎ... አይሰማም... ቆይ ልውጣ» እያለ በጣቱ ጫፍ ይወጣል። ይህ እንኳ አሁን ነቄ ተብሎበታል። ብስሉ ሰው በኮቱ ነው የሚሠራው። ኮቱን ለወንበሩ በወግ ያለብሰዋል። ደብተሩን ፊት ለፊት ይገልጠዋል። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከፍቶ ደብተሩ ላይ ያጋድመዋል። የታሸገውን ውሃ ግማሽ ድረስ ጠጥቶ ይተወዋል። ያየ ሰው «ሽንት ቤት ሄዶ ነው» ከማለት በቀር ምንም አይልም። ባለቤቱ ይሄኔ ሶደሬ ፍልውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቷል። ከቤት ሲደወልለት «ሥልጠና ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ» ይላል በሹክሹክታ። የውሃው ድምፅ እንዳይሰማ ስልኩን በመዳፉ ይከልላል።

ለኮቱ ያለኝ አክብሮት ልዩ ነው። የሥራ ሂደት ለውጡ ሥልጠና፣ ቢፒአር፣ ሲሰጥ ነበረ። የውጤት መመዘኛው፣ ቢኤስሲ፣ ሲሰጥ ነበረ። ብክነት ቀናሹ የጃፓኖች አሠራር፣ ካይዘን፣ ሲመጣ ሰባቱን የብክነት ዓይነቶች አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ አዳምጧል። አላዛጋም፣ አላንቀላፋም፣ ስልክ አልነካም። ሰርተፍኬቱ ግን የሚጻፈው በሰውዬው ስም ነው። ስለ ሰዓት አጠቃቀም በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ከሰዓት በኋላ ኮቶቹ ከሰዎቹ የሚበልጡበት ጊዜ አለ። አሠልጣኙ ይህን አይቶ ቅር ሊለው አይገባም። ትምህርቱ ገብቷቸው ነው የወጡት።

አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያመልጡም አሉ። እነዚህ ሊቃውንት ናቸው። የቡድን ውይይት ሲባል ይታያሉ። ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ፍሊፕ ቻርትና ማርከር ይመጣል። ማርከሩን ማንም አይነካውም። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ አንድ የተከበሩ ሰው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና በቅርብ የተቀጠረችውን ልጅ «እስኪ የኔ ልጅ፣ አንቺ ያዥልን፣ ጽሑፍሽ ያምራል» ይሏታል። ጽሑፏን አይተው አያውቁም። ስሟንም ያወቁት ደረቷ ላይ ከተንጠለጠለው ባጅ ነው። እሷ ትጽፋለች፣ እሷ ታቀርባለች። ጥያቄ ሲመጣም እሷ ትመልሳለች። የቀሩት «እሷ እንዳለችው» እያሉ ያግዟታል።

መድረክ ላይ ያሉትማ መውጣትም አያስፈልጋቸው። «ይህ ሥራ ለምን አልተሠራም?» ሲባሉ «ክፍተቶች ተስተውለዋል፤ ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት የሚፈታ ይሆናል» ብለው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ይሰወራሉ። ጠያቂው «መቼ?» ሊል እጁን ሲያወጣ የምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ምሳ ላይ የሚቀር ሰው የለም፤ እዚህ ላይ ለእውነት ስል መመስከር አለብኝ። ኮት ለቡፌ አይሰለፍም። ስለዚህ ባለቤቱ ካለበት ይመጣል። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለምሳ ሲሆን ያጥራል።

ከተማችንም ተጠቅማለች። ባጃጁ በሥራ ሰዓት ሰው ያገኛል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ፍራንኮ አካባቢ ወጣ ብትሉ ካፌው ባጅ ባንጠለጠሉ ደንበኞች ሞልቶ ታዩታላችሁ። አለቃ ቢመጣስ አትሉኝም? አለቃው ቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ ማኪያቶ ይዟል። ተያይተው አልተያዩም። እሱ እነሱን ቢያይ እነሱም እሱን ሊያዩት ነዋ! በዚህ ክፉ ዘመን እንዲህ ተከባብሮ የሚኖር ሕዝብ ከየት ይገኛል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ላይ «ማጠቃለያና የቀጣይ አቅጣጫ» የሚል ነገር ተጽፏል። በዓይኑ ያየው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አበሉ ጠዋት ከተከፈለ «መንገድ ሳይዘጋጋ እንሂድ» ይባልና ሁሉም ላጥ ይላል። የሚዘጋጋው እንግዲህ ያ ባለስድስት መስመሩ ነው።

የእኛዎቹ ቢሮዎችም እንግዳ ሲያመልጥ ቆመው የሚያዩ አይደሉም። የአዳማዎቹ ለሥልጠና ወደ ሐዋሳ ይሄዳሉ፤ የሐዋሳዎቹ ወደ አዳማ ይመጣሉ። መንገድ ላይ ባቱ ቁርስ ሲበሉ ተገናኝተው ሰላም ይባባላሉ። ቦታ ተለዋውጠው ቢሠሩ እንኳ የአንዱን ባለጉዳይ አንዱ ሊያስተናግድለት ይችል ነበር። ግን ይህ ሐሳብ ራሱ የጥናት መድረክ ይፈልጋል፤ መድረኩም ቢሾፍቱ ነው የሚሆነው።

ባለፈው አንድ አዛውንት እዚሁ አዳማ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። በእጃቸው ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ዶሴ።

«አባባ፣ ኃላፊው የሉም» አላቸው ዘበኛው።

«የት ሄዱ?»

«ሥልጠና። ሐዋሳ።»

«የምን ሥልጠና ነው?»

«የተገልጋይ አያያዝ።»

አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡ። «ተገልጋዩ እኔ አይደለሁ እንዴ? እኔ እዚህ ነኝ። ማንን ይዘው ነው የሚለማመዱት?»

ዘበኛው መልስ አላጣም። «ሰኞ ይምጡ። ቆይ፣ ሰኞ ሪፖርት ይጽፋሉ። ማክሰኞ... ማክሰኞ እኔም ሥልጠና አለኝ። ረቡዕ ይምጡ አባባ።»